ወረፋ ፍትሕ ነውን?

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ባሕር ማዶ ልኮ የሚያሳክመው ላላገኘ ሕፃን ተስፋው የመነመነ ነበር። ዛሬም ታካሚው ብዙ፣ አልጋውና ባለሙያው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወረፋ አለ።

ለመሆኑ ቀድሞ የተመዘገበን ማስቀደም ፍትሕ ነውን? ለስኳርና ለዘይት ቢሆን አዎን፤ ዛሬ ያላገኘ ነገ ያገኛል። የልብ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ሰፊ ቀዳዳ ያለበት ሕፃን በወቅቱ ካልታከመ፣ በኃይል ወደ ሳንባው የሚጎርፈው ደም የሳንባውን የደም ሥሮች እያወፈረና እያጠበበ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳውን መድፈኑ ራሱ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ተራው ደረሰ፤ ጊዜው ግን አለፈ!

ደግሞስ ቀድሞ የሚመዘገበው ማን ነው? ለሐኪም ቅርብ የሆነው ነው። የገጠሩ ልጅ ሕመሙ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

«ታዲያ ቀድሞ የመጣው ምን በደለ?» የሚል ይኖራል። አልበደለም። ነገር ግን መጠበቅ ለሚችል ልጅ አንድ ወር አንድ ወር ነው፤ ለማይችለው ዕድሜው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሕመሙ አጣዳፊነት ይወስነው፤ በገንዘብና በዘመድ ግን ማንም አይለፍ።

የሐኪሙ ድርሻ ይኸው ነው። የእኛስ? ጉድለቱ ቀደር ነው እንላለን። የወረፋው ርዝመት ግን የሰው እጅ ሥራ ነውና፣ ስለ እርሱ የምንጠየቀው እኛ ነን።