በባናው ውስጥ የተጠቀለለው ጥያቄ

ልጆቼ፣ ለሕጻናት ሕክምና ስፔሻሊቲ የገባችሁ ሁሉ፣ የጥናት ርዕስ ፍለጋ ኢንተርኔት ስታገላብጡ እንደምታድሩ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት መንዝ፣ ሞላሌ ድረስ ብቅ ብላችሁ አንዲት አራስ ጠይቁ።

ሞላሌ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የመንዝ እናት ልጇን ከብርዱም ከሰው ዓይንም ለመሸሸግ በባና፣ በሱፍ ብርድ ልብሷ፣ ጠቅልላ ጓዳ ታስተኛዋለች። ያን ብርድ የቀመሰ አይፈርድባትም። ልጁ ግን ፀሐይ አያገኝም፤ ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ አጥንቱ ይልፈሰፈሳል፤ የጎድን አጥንቱ ሲላላ መተንፈስም ይከብደዋል። ይህን ልጅ ያላየ የደጋ ሐኪም የለም። ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ግን አዲስ አበባ፣ ኢትዮ-ስዊድን የሕጻናት ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብለው ቆጠሩ። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕጻናት፣ ያልያዛቸው 500። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20ዎቹ ብቻ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ ታተመ።

ከእሳቸው ቀደም ብለው ፕሮፌሰር ነቢያት ተፈሪም እንዲሁ አደረጉ። በቂ ሳትመገብ ከባድ ሥራ የምትሠራ ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ክብደቱ እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ። እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ነፍሰ ጡር እያየ ላደገ የመንዝ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እሳቸው መዝነው መጻፋቸው ነው።

እንግዲህ የመመረቂያ ጥናታችሁን ፈተና ማለፊያ ብቻ አታድርጉት። ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ስንት ጥሩ ሥራ አይቻለሁ! የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበራችን መጽሔት አለው፤ አሳጥራችሁ ላኩለት። ገንዘብ ክፈሉና በሳምንት እናትምላችሁ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ግን ሰርዙት። የደራሲዎች ስም ቅደም ተከተልም ሥራው ሳይጀመር ይነገር፤ በኋላ ሲነሳ ወዳጅ ያጣላል።

ስለ መሪነት ደግሞ ላውጋችሁ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቺፍ ሬዚደንት ነበርኩ። የዲዩቲ ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ፤ የበዓል ሌሊቶችን ለታናናሾቼ እየደለደልኩ ጓደኛዬን አሳርፍ ነበር። አንድ የትንሣኤ ዋዜማ አንዷ አር ዋን፣ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት፣ ብቻዋን ስትባዝን አድራ የጠዋቱ ሞርኒንግ ስብሰባ ላይ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንም አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ሳወጣ የራሴን ስም ከበዓሉ ላይ እጀምር ነበር። አሁንም ቺፍነትን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር ወጣት ሳይ ፊቴ ይቀላል፤ በሱ ሳይሆን በራሴ።

የዚህ ዓይነቱ ኃላፊነት የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማወቅ ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴን ተመልከቱ። የሕጻናት ሐኪም ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆነዋል፤ ኋላም ዳካ፣ ባንግላዴሽ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል መርተዋል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምንበጠብጠው ኦአርኤስ ኮሌራን ለማከም እንደሚያገለግል ከተረጋገጠባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ከተማ ነው። ሲመለሱም የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ውጭ የመማር ዕድል ስታገኙ ሂዱ፤ እዚሁ ጥቁር አንበሳም የሕጻናት ካንሰር ንዑስ ስፔሻሊቲ እንደሚሰጥ ግን አትርሱ። የትም ብትሄዱ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን የሄደ የሌላውን ጥያቄ ተሸክሞ ይመለሳል።

ለጥምቀት ወደ ሞላሌ ስትመጡ ደብተር ያዙ። ቤት ስትገቡ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እናትዬዋን አስፈቅዳችሁ የልጁን እርግብግቢት ዳስሱ፤ ዕድሜውን ጠይቁ፤ ፀሐይ ላይ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው ጻፉ። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ኋላ ይመጣል። ለጊዜው ሲያለቅስ ግን ወደ በረንዳው አውጡት።