«ሃያ በመቶ» ሲሏችሁ

ኅዳር በመጣ ቁጥር ሱፌን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አናፍሰዋለሁ። ለሠርግ አይደለም፤ ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በር ላይ መታወቂያ አሳይተን፣ ስማችን ከመዝገብ ተፈልጎ፣ የድምፅ መስጫ ካርድና ዓመታዊ ሪፖርት ይሰጠናል። የአዳራሹ ግማሽ ሽበት ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ንግግር ሲጀምሩ አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሪፖርቱን ከኋላ ጀምረው ያገላብጣሉ። የሚፈልጉት አንዲት ቁጥር ናት፤ ዘንድሮ አንድ አክሲዮን ስንት አተረፈ?

ልጆቼ፣ እኔም ያቺን ቁጥር ሳሳድድ ነው የኖርኩት። 30 ዓመት የሰው ሒሳብ ስሠራ ኖሬ የራሴን ገንዘብ በትክክል ማስላት የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እናንተ እስከዚያ አትቆዩ።

በመጀመሪያ አክሲዮን ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። የጡረታ ሕጉ ለ10 ዓመት አገልግሎት የአማካይ ደመወዝን 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል። እንደኔ 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አማካዩ የሚያዘው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ ነው። ደመወዛችሁ ያኔ በነበረበት ይቆማል፤ የጤፍ ዋጋ ግን አይቆምም። አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል፤ ይደረጋል ብሎ ጎጆ የሚያቆም ግን የለም። በቀረው 45 በመቶ ምትክ አንድ ነገር ማስቀመጥ ግድ ነው። አንዱ ቤት ሠርቶ ያከራያል፤ ቤት የማይደርስበት ደግሞ አክሲዮን ይገዛል።

እኔ ግን ወደዚህ የገባሁት ዘግይቼ ነው። አባቴ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. ባንኩም ኢንሹራንሱም ፋብሪካውም ሲወረስ ወረቀቱ ዳዊታቸው ውስጥ ተጣጥፎ ቀረ። ስለዚህ በኅዳር 1987 አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም ጓደኞቼ «ግባ» ቢሉኝ ሳቅኩባቸው። ከዓመታት በኋላ በሌላ ባንክ በኩል ገባሁ፤ ያውም በፕሪሚየም፣ ማለት ሰርተፍኬቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ ከፍዬ። የፍርሃቴ ዋጋ ያ ፕሪሚየም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሯ። «በአክሲዮን 20 በመቶ አተረፍን» ሲባል አዳራሹ ያጨበጭባል። እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የአክሲዮኑ ዋጋ በሰርተፍኬቱ ላይ 1,000 ብር ነው፤ 20 በመቶ ማለት 200 ብር ነው። ባንኩ 30 በመቶ የትርፍ ግብሩን ከፍሎ የተረፈው ነው ይህ። ከ200ው ላይ ደግሞ ሩቡ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ይገባል፤ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ በየዓመቱ እንደዚሁ ነው። 150 ብር ቀረ። ቦርዱ ይህን ሙሉ በሙሉ ይከፋፈል ቢል እንኳ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መጣኔው 10 በመቶ ነበር፤ በዚያ ብናሰላ 15 ብር ይቆረጣል። እጃችሁ ላይ 135 ብር ይደርሳል። አክሲዮኑን የገዛችሁት ግን በ1,000 ሳይሆን ከነፕሪሚየሙ በ1,500 ብር ከሆነ፣ 135 ለ1,500 ሲካፈል 9 በመቶ ነው። 20 የተባለው 9 ሆነ ማለት ነው። ማንም አልሰረቃችሁም። መጠባበቂያው ባንኩ ውስጥ ያለ የእናንተው ሀብት ነው፤ ግን በርበሬ አይገዛም።

ይህን ስሌት ጉባኤ ላይ ሪፖርቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስሠራ አንድ ወጣት አይቶኝ፣ «አባባ፣ ታዲያ ለምን አይሸጡትም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የማልሸጠው 9 በመቶው እያደገ ሊሄድ ስለሚችል ነው፤ በጊዜ ገደብ ካስቀመጥኩት ገንዘብ የማላገኘው ነገር ይህ ነው። ዛሬ በ1,500 የገዛችሁት አክሲዮን ባንኩ ካደገ ከ10 ዓመት በኋላ 250 ብር ሊያመጣ ይችላል። ላያመጣም ይችላል። ለዚህ ነው ከትርፉ ገጽ በፊት የብድሩን ገጽ አንብቡ የምለው። የተበላሹ ብድሮች ድርሻ ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው የ5 በመቶ ጣሪያ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? ትርፉ ከብድር ወለድ ነው ወይስ ከአንድ ጊዜ የምንዛሪ ግርግር? ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ የአንዳንዱ ሪፖርት ያማረው በአንድ ሌሊት ነው። እንዲህ ያለ ዓመት በየዓመቱ አይመጣም።

ግብሩን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ደመወዝ ላይ የግብሩ ጫፍ 35 በመቶ ነው። የትርፍ ድርሻ ግን ባንኩ ከምንጩ ቆርጦ ለገቢዎች ካስገባው በኋላ ያበቃል፤ ከኪራይ ወይም ከደመወዝ ጋር ተደምሮ እንደገና አይታሰብም። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ወይም መግለጫ ግን ተቀበሉና አስቀምጡ። ሁለተኛው ነገር፣ ሕጉ ያልተከፋፈለ ትርፍን የሚቀርጠው መልሶ ኢንቨስት ካልተደረገ ነው። ጉባኤው ትርፉን ወደ ካፒታል ሲያዞር ለወጣቱ ባለአክሲዮን ሁለት ጥቅም አለው፤ ግብሩ ለጊዜው ይቆያል፣ አክሲዮኑም ይበዛል። አክሲዮን ስትሸጡ ደግሞ በዋጋ ልዩነቱ ላይ ሌላ ግብር አለ፤ ስለዚህ የገዛችሁበትን ወረቀት አትጣሉ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፤ ስሌታችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት የዘንድሮውን መጣኔ ከባንካችሁ አክሲዮን ክፍል ጠይቁ። የእኔን 10 በመቶ እንደ ዳዊት አትድገሙት።

ስለ ካፒታል ካነሳሁ አይቀር አንድ ጉባኤ አይረሳኝም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ይሁን፣ እስከ ሰኔ 2018 ይሟላ ካለ በኋላ ነው። ቦርዱ «የዘንድሮው ትርፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ካፒታል ይዙር» ብሎ አቀረበ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ከመሀል አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ማይክ ተቀብለው፣ «ልጄ፣ እኔ የስኳር መድኃኒቴን በአክሲዮን አልገዛም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ድምፅ ሲሰጥ የእሳቸው ወገን ተሸነፈ። እኔ ያኔ እጄን ያወጣሁት ከቦርዱ ጋር ነበር፤ ትክክልም ነበርኩ፣ ባንኩ ካፒታል ያስፈልገው ነበር። ዛሬ እኔም በየወሩ የግፊት መድኃኒት እገዛለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የትርፍ ድርሻ ደመወዝ አይደለም። መቼ እንደሚከፈልና ስንት እንደሚከፈል የሚወስነው ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው ደግሞ አንድ ዓመት «የለም» የማለት ሥልጣን አለው። ስለዚህ 30 ወይም 40 ዓመታችሁ ላይ ከሆናችሁ ትርፉን አትብሉት፤ ሌላ አክሲዮን ግዙበት። 100 ሺህ ብር በዓመት 9 በመቶ እያፈራ ፍሬው መልሶ ቢዘራ በ8 ዓመት ገደማ ይታጠፋል፤ በ24 ዓመት ወደ 800 ሺህ ይጠጋል። ፍሬውን በየዓመቱ የበላ ሰው ግን 100 ሺው ያው 100 ሺህ ነው። 55 ዓመት ሲሞላችሁ ደግሞ ተቃራኒውን ጀምሩ፤ ከሚገባው ላይ የአንድ ዓመት አስቤዛና መድኃኒት የሚሸፍን ገንዘብ በቁጠባ ሒሳብ አጠራቅሙ። ጉባኤው «የለም» ያለበትን ዓመት የሚያሻግራችሁ እሱ ነው።

የዋጋ ንረቱን ደግሞ አልደብቃችሁም። በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት 9 በመቶ ያገኘ ሰው ከስሯል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ቢጻፍ። ያን ዓመት የባንክ አክሲዮን ብቻ የያዝነው ሰዎች ተጎዳን፤ የሚያከራዩት ቤት ያላቸው ደህና አለፉ። ያልተገላበጠ ያራል ይባል የለ? እኔ ሁሉንም በአንድ ባንክ ማድረጌ ትልቁ ስሕተቴ ነው። ዛሬ ለእናንተ በሩ ሰፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ በ33 አክሲዮን፣ ማለት በ9,900 ብር፣ በቴሌብር መግባት ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዝግቦበታል። በእኔ ጊዜ አክሲዮን ለመሸጥ ገዢውን በራስህ ፈልገህ፣ ቦርዱን አስፈቅደህ፣ ውልና ማስረጃ ተሰልፈህ ነበር። ገበያው ገና ልጅ ነውና እንደፈለጋችሁ በማግሥቱ እንሸጣለን ብላችሁ ግን በልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አክሲዮን አትግዙ።

ውጭ ያላችሁ ልጆቻችንም ትጠይቁኛላችሁ። ሜሪላንድ ያለችው የወንድሜ ልጅ የሁለት አገር አክሲዮን አላት። ለእሷ የነገርኳትን ልድገመው። አሜሪካ ውስጥ የአገሬው ኩባንያዎች የሚከፍሉት የትርፍ ድርሻ በቂ ጊዜ ከተያዘ የፌዴራል ግብሩ አነስተኛ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ባልና ሚስት ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው ከ96,700 ዶላር ካልበለጠ ጭራሽ ዜሮ ነው። ለጡረተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ባንክ የሚመጣው ግን በዚህ አይገባም፤ ሁለቱ አገሮች የግብር ስምምነት ስለሌላቸው እንደ ተራ ገቢ ይቆጠራል። እዚህ የተቆረጠውን ግብር እዚያ ማካካስ ይቻላል፤ ደረሰኙ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ትርፉ የሚገባበት የብር ሒሳብም ከሌሎች የውጭ ሒሳቦቿ ጋር ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማስታወቅ አለባት። «አገር ቤት ያለ ገንዘብ ማን ያየዋል» የሚል ወንድም አይጠፋም፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ከግብርም ከመቶኛም ውጭ ነው። በሠፈራችን አንድ ሰው አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ውስጡ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀትና የሦስት ኩባንያ የአክሲዮን ሰርተፍኬት። ሚስታቸው አንዱንም አያውቁትም ነበር። አንደኛው ኩባንያ ያልተወሰደ የትርፍ ድርሻ ለዓመታት አጠራቅሞላቸው ነበር፤ የጥሪ ደብዳቤው ወደ ተቀየረ ፖስታ ሣጥን ሲላክ ኖሯል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ፣ አክሲዮኑን በስማቸው አዙሮ፣ ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ ሁለት ዓመት ፈጀ። እኚያ ሴት በዚያ ሁለት ዓመት ከልጆቻቸው እየተበደሩ ኖሩ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እራት ላይ ቆርቆሮዋ የት እንዳለች ለባለቤታችሁ ንገሩ። ነገ ደግሞ ባንኩ ዘንድ ደውላችሁ ስልክና አድራሻችሁን አሳድሱ።