ኀዘንና ጽዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንጅባራና በዳንግላ የነበሩ ወጣቶች የሕንድን ፊልም ለማየት በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ያው ፊልም በአማርኛ እየተተረጐመ በእጅ ስልክ ገብቶ፥ ከእረኛው ጋራ ወደ መስክ፥ ከተማሪው ጋራ ወደ መኝታ ይሄዳል። እኛ ካህናትም ስለዚህ ነገር ስንጠየቅ «አትመልከቱ» ብለን ማለፍን ለምደናል። ነገር ግን ያልመረመረውን የሚገሥጽ ሰው ተግሣጹ አይሰማለትምና፥ እነዚህ ፊልሞች ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ምን እንደሚያስተምሩ አስቀድመን ማወቅ ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የ«ዴቭዳስ» ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ሣራት ቻንድራ ቻቶፓዳይ የተባለው የቤንጋል ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው፤ ከዚያም በ1935፥ በ1955ና በ2002 ዓ.ም. ደጋግሞ በፊልም ተሠራ። ዴቭዳስ የባለጸጋ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚወዳትን ፓሮን ቤተ ሰቦቹ ስለ ናቋት እርስዋ ለሌላ ተዳረች፤ እርሱም ኀዘኑን በመጠጥ ሊያስታግሥ ጀመረ። በመጨረሻም ሰውነቱ አልቆ በደጅዋ ወድቆ ሞተ።

እንግዲህ ታሪኩ መጠጥ እንደሚገድል አልሸሸገም። ነገር ግን ሞቱን በዜማና በውበት ስለ አስጌጠው፥ ተመልካቹ «መጠጥ ገደለው» ሳይል «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» እያለ ይነሣል። በ1971 ዓ.ም. ዴቭ አናንድ ያወጣው «ሃሬ ራማ ሃሬ ክሪሽና» የተባለው ፊልምም በዕፅ የጠፋችን እኅቱን የሚፈልግ ወንድም ታሪክ ነው፤ ፍጻሜው የእኅቲቱ ሞት ሲሆን፥ ዕፁ ሲጨስ የሚዘፈነው ዘፈን ግን ከፊልሙ ምክር ይልቅ ገነነ። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ሾሌ» ጀግናው ሰክሮ ከውኃ ማማ ላይ ወጥቶ «ልሞት ነው» ሲል ሕዝቡ ይሥቃል። በ2019 ዓ.ም. በወጣው «ካቢር ሲንግ» ደግሞ ፍቅረኛው ለሌላ የተዳረችበት ሐኪም በመጠጥና በዕፅ ራሱን ይጥላል፤ ሥራውንም ያጣል፤ በፍጻሜው ግን ወዳጁን መልሶ ያገኛል። የዴቭዳስ ደመወዝ ሞት ነበረ፤ የዚህኛው ደመወዝ ግን ሙሽራ ሆነች።

ከዚህም የተነሣ ወጣቱ አንድ ትምህርት ይቀበላል፤ ይኸውም ያዘነ ወንድ ልጅ ካልጠጣ ኀዘኑ እውነተኛ አይደለም የሚል ነው። ፊልሙ የማያሳየው ደግሞ አለ፤ ይኸውም የአረቄ ቤቱ ዕዳ፥ ሳይታረስ የቀረው ማሳ፥ ሌሊቱን በር ከፍታ የምትጠብቀው እናት ናት። በጥር 23 ቀን ለበዓላቸው የሚሰበሰቡት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንደሚያውቁት፥ ልጓሙን የጣለ ጋላቢ የሚወድቀው ለብቻው አይደለም፤ በመንገዱ ያገኘውንም ይረግጣል።

ይሁን እንጂ ሕንድን ለመክሰስ አንቸኩል። የዚያች አገር ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ፥ ጤናን የሚጐዳ አስካሪ መጠጥና ዕፅ እንዲቀር መንግሥት ይጣር ዘንድ ያዛል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ዳሩ ግን በማስታወቂያ የተከለከለውን በገዛ ቤታችን የምንፈቅደው እኛው ነን። ለኀዘንተኛ ከዳጉሳ የወጣ አረቄ በመለኪያ ቀድተን «ጠጣና እርሳው» የምንል እኛ ነን እንጂ የሕንድ ተዋናይ አይደለም። ፊልሙ ዘሩን ቢዘራ፥ እርሻውን ያለሰለስነው እኛ ነን።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ሌላ ኀዘንተኛ ያሳየናል፤ እርስዋም ሐና ናት (1ኛ ሳሙ. 1፥9-18)። ልጅ አጥታ፥ ጣውንቷም እያስቈጣቻት፥ ሌሎች በበዓል በልተው ሲጠጡ እርስዋ ተነሥታ በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ግን ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። እርስዋም የወይን ጠጅም ሌላም የሚያሰክር ነገር እንዳልጠጣች፥ ነፍስዋን ግን በአምላኳ ፊት እንዳፈሰሰች በትሕትና መለሰችለት። ዔሊም ሰምቶ ተግሣጹን ወደ በረከት ለወጠ። ሐናም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም።

ይህን እናስተውል። ፊቷ በበራ ጊዜ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም ነበር። የተለወጠው የኀዘኑ ምክንያት ሳይሆን ኀዘኑ የፈሰሰበት ስፍራ ነው። ዴቭዳስ ወደ ጽዋው አፈሰሰው፥ ሞተም፤ ሐና ወደ እግዚአብሔር አፈሰሰችው፥ ዳነችም።

ነገር ግን በዔሊ ውስጥ ለእኛ ለካህናት ተግሣጽ አለ። እርሱ ያልሰከረችውን የሰከረች አስመሰላት፤ እኛ ደግሞ በእውነት የሰከረውን ወጣት ሰካር ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ ከመለኪያው በስተኋላ ያለውንም ኀዘን አንጠይቅም። ዔሊ ግን ቢሳሳትም መልስዋን ለመስማት ቆመ። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ቆመን ሰምተናል?

ስለዚህ የንስሓ አባት «ለምን ጠጣህ?» ከማለቱ በፊት «ምን ደረሰብህ?» ይበል። አባትና እናት ከልጃቸው ጋራ ፊልሙን ቢያዩ፥ ሲያልቅ «የዚህ ሰው እናት ምን ሆነች?» ብለው ይጠይቁት። የጽዋ ማኅበርም ለጠላው ልክ ይወስን፤ ኀዘን የደረሰበት ወንድም ሲመጣ ከመጠጡ አስቀድሞ ጸሎትና የማጽናኛ ቃል ያቅርብለት። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታልና፥ ቤተ ክርስቲያን ወይንን ራሱን አታወግዝም፤ የኀዘን አምላክ መሆኑን ግን አትቀበልም።

የሐናን ልቅሶ የሰማ አምላክ የልጆቻችንን ኀዘን ይስማ፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።