ምስክር ሆኖ ዝም ማለት

ስለ ፍርድ ብዙ ጊዜ ሰብከናል። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፥ በደብረ ዘይት ሰንበት፥ በዐውደ ምሕረት ቆመን ስለ ዳግም ምጽአት ስናስተምር ዙፋኑ ሲዘረጋ፥ መጻሕፍቱ ሲገለጡ፥ ጻድቃን በቀኝ ኃጥኣን በግራ ሲቆሙ ለምእመናን እንደ ሥዕል አድርገን አሳይተናል። ፍትሐ ነገሥትንም በጉባኤ ቤት ተምረናልና 51 አንቀጽ እንዳለው፥ ከእነዚህም 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፥ 29ኙ ስለ ዓለማዊው ኑሮ እንደሚናገሩ፥ ስለ ዳኞችም ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ እንዳለ ስንጠየቅ ወዲያው እንመልሳለን። ይህን ሁሉ እያወቅን ግን አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት ገብተን ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር ተቀምጠን አይተን አናውቅም ነበር። የፍርድ ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም እያለ የሚመካ ሰው ብዙ ነው፤ እኛም ከሚመኩት ወገን ነበርን።

ወደዚያ ያስገባችን አንዲት መበለት ናት። ባልዋ ከሞተ በኋላ የባልዋ ወንድም የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ከእርሻዋ ሲሶ የሚያህለውን ወደ ራሱ ጨምሮ አርሶብኛል ብላ በወረዳው ፍርድ ቤት ከሰሰች። ልጅ የላትም፤ ወገኖችዋም ሩቅ አገር ናቸው። «አባቴ፥ እንዲናገሩልኝ አይደለም፤ ከኋላ ተቀምጠው ብቻ ይዩልኝ፤ ሰው አለኝ ብዬ እንድበረታ» አለችን። ችሎት ለሁሉ ክፍት ነውና እሺ አልናት።

በማለዳ ደርሰን እስከ ረፋዱ ድረስ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆየን። ስለዚህ መጠበቅ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። በመጨረሻ ስንገባ ችሎት አስከባሪው ወንዶቹን ቆብ እያስወለቀ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ጥምጥማችንን አየ፤ ጥቂት አሰበና መስቀል ተሳልሞ አለፈ። ዳኛው ጥቁር ካባ የለበሰ ገና ወጣት ሰው ነው። እውነቱን እንናገርና ባየነው ጊዜ በልባችን ናቅነው። እርሱ ግን የከሳሽን ቃል በሰማበት ፊት የተከሳሽንም ቃል ሰማ፤ እርስዋ ስታለቅስ አልቸኰለባትም፤ እርሱም ሲቈጣ አብሮ አልተቈጣም። በመናገር የኖርን እኛ፥ መስማት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደ ሆነ ከዚያ ልጅ ተማርን።

ምስክሮቹ አንዱ ሌላው የሚናገረውን እንዳይሰማ ከችሎቱ ውጭ እንዲቆዩ ታዘዘ። ይህን ስናይ ነቢዩ ዳንኤል ትዝ አለን። በሶስና ላይ በሐሰት የመሰከሩትን ሁለቱን ሽማግሎች ለየብቻ ለይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ቢጠይቃቸው፥ አንዱ አንድ ዛፍ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠርተው ተያዙ። ታሪኩን ስንተረጕም የምናደንቀው የነቢዩን ጸጋ ብቻ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን እነሆ በየወረዳው በየቀኑ ይሠራበታል።

ከዚህ በኋላ የከሳሽ ምስክር ይግባ ተባለ። የገባው የእኛ የንስሐ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ይህ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት፥ ከቅዳሜ ሠርክ ጸሎት በኋላ፥ መጥሪያ በእጁ ይዞ መጥቶ ነበር። «ለምስክርነት ተጠርቻለሁ፤ ያየሁትን ብናገር አንድ ጽዋ ከምንጠጣ ማኅበርተኛዬ ጋር እንጣላለን፤ መማልም እፈራለሁ፤ ምን ላድርግ?» አለን። የማን ነገር እንደ ሆነ አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረንም። ለማኅሌት ልንገባ ቸኩለን ነበርና «መሐላ ደግ አይደለም፤ ከሰው ጋር አትጋጭ፤ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል» ብለን ባርከን ሰደድነው። ጥሩ ምክር የመከርን መስሎን ነበር። (ይህን የምንጽፈው በራሱ ፈቃድ ነው፤ የመጣውም ለምክር እንጂ ኃጢአቱን ሊናዘዝ አልነበረም።)

እንግዲህ ያ ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማለ። የወሰኑ ድንጋይ ሲነቀል አይተሃልን ተብሎ ተጠየቀ። ዓይኑን ሲያነሣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ እኛን አየ። ከዚያም አቀርቅሮ «አላስታውስም» አለ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተደገመለት፤ መልሱም ያው ሆነ። ዳኛው ጻፈ። መበለቲቱ አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ብቻ አየናት።

ጌታችን ስለ መበለቲቱና ስለ ዐመፀኛው ዳኛ የተናገረውን ምሳሌ ስንት ጊዜ እንዳስተማርን አንቈጥረውም። ሁልጊዜም ጥፋቱን ከዳኛው ላይ አድርገን ነበር። በዚያ ቀን ግን ዳኛው ደኅና ሰው ነበር። ሕጉም ከእርስዋ ጋር ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የይዞታ ደብተሩም በእጅዋ ነው። ደብተሩ ግን ድንጋዩን ማን እንደ ነቀለው አይናገርም። የጎደላት አንድ ሰው ነው፤ እርሱንም ያስጎደልነው እኛ ነን።

ጌታችን በተራራው ስብከት መሐላን መከልከሉን፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ሳለ ሕዝቡን ስለ መሐላ ደጋግሞ መገሠጹን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ይኸው ጌታ በሐሰት ምስክሮች ፊት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ ሊቀ ካህናቱ በእግዚአብሔር ስም አምሎ በጠየቀው ጊዜ ዝም አላለም፤ መልሱ ለሞት እንደሚያበቃው እያወቀ እውነቱን ተናገረ (ማቴ. 26፥63-64)። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 5 ገና በመጀመሪያው ቍጥር፥ ያየውን ወይም የሚያውቀውን ለመናገር በመሐላ ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ኃጢአቱን እንደሚሸከም ይናገራል። ካልዋሸሁ ምን አለብኝ የሚለው ሰው ይህን ልብ ይበል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ደግሞ ወሰን መግፋትን የሚከለክለው ቃል በቍጥር 14፥ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና የሚያዝዘው በቍጥር 15 ተከታትለው ተጽፈዋል። ስንት ዘመን ስናነበው ሁለቱን አያይዘን አላየናቸውም ነበር። ድንጋይ አፍ የለውምና ያየ ሰው ካልተናገረለት የተተከለበት ወሰን ከንቱ ነው።

የሰውየውን ፍርሃት አንንቅበትም። በወሰን የተጀመረ ጠብ በደም ያበቃበትን ሰው እኛ ራሳችን ፍትሐት አድርገን ቀብረናል። ደግሞም ማስታረቅ የካህን ሥራ ነው፤ ሽምግልና ብዙ ነገር አብርዷል። ነገር ግን እርቅ የበደለው በደሉን አምኖ የተበደለው የሚካስበት ነው እንጂ የተበደለው ብቻውን ዝም የሚሰኝበት አይደለም። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው፥ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ መንገደኛውም አይመለከተኝም ብሎ አያልፍም ነበር። ዛሬ ዳኝነት የተማረ ሰው ሥራ ሆኗል፤ ደግ ነው። እኛ ግን ዳኝነቱን ስናስረክብ ቆሞ መስማቱንና መናገሩንም አብረን ያስረከብን ይመስላል። እኛ ካህናት ደግሞ ሕዝቡ መሐላን እንዲፈራ አስተማርነው እንጂ እውነትን በሸሸገ ጊዜ እንዲፈራ በደንብ አላስተማርነውም።

በዚያው ቀን ማታ ሰውየው መጣ። ገና ሳይቀመጥ «አባቴ፥ አስታውሳለሁ» አለ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ድንጋዩ በየትኛው በሬ ተጎትቶ ወደ ወንዙ እንደ ተጣለ ሳይቀር ነገረን። ተቈጥተን አልተናገርነውም፤ ምን አፍ ኖሮን! «የመከርንህ እኛ ነን፤ ዕዳው የሁለታችን ነው» አልነው። ነገሩን ከሚያውቅ ጠበቃ ብንጠይቅ ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ ለችሎቱ አመልክቶ ቃልን ማቅናት እንደሚቻል፥ መፍቀዱ ግን የዳኛው እንደ ሆነ ነገረን። ሰኞ ማልደን አብረን ወደ መዝገብ ቤቱ እንሄዳለን። ማኅበርተኛውን አስቀድሞ ራሱ ሊነግረው ቈርጧል፤ በዚያም ቢሆን አብረነው እንሆናለን።

መበለቲቱ በማግስቱ መጥታ ነበር። ስለ ተቀመጥንላት ልታመሰግነን አንድ ሰፌድ ሽምብራ ይዛ መጥታ፥ እምቢ ብንላት ከደጃፋችን አስቀምጣው ሄደች። ያን ምክር የመከርን እኛ መሆናችንን ገና አልነገርናትም። ሽምብራው እንደ ተቀመጠ ነው።