ማወቅና መተዋወቅ

ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥቶ በአፍንጮ በር በኩል ዳገቱን ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ተማሪ በአንድ ጠዋት ጉዞ ብዙ አገር ያያል። በስተግራው፣ ከቀጨኔ ወገን፣ ጀበናና ድስት የተሸከሙ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ከፊት ለፊቱ፣ ከስድስት ኪሎ ባሻገር፣ ሽሮ ሜዳ አለ፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ሲያመላልሱ የኖሩበት ሠፈር ነው። ከኋላው የተወው ደጃች ውቤ ሠፈር ደግሞ በዘመኑ የማሲንቆ ድምፅ የማይለየው እንደነበር የከተማው ነዋሪ ያስታውሳል። ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን በር ካለፈ በኋላ እነዚህኑ ሰዎች እንደገና ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን ሰዎች ሆነው ሳይሆን «ባህል» በሚል ርእስ ሥር የሚነበቡ ገጾች ሆነው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። የሌላውን ሕዝብ ኑሮ፣ እምነትና ልማድ የሚያጠና ሰው ለሚያጠናው ሕዝብ ምን ዕዳ አለበት? ዕውቀቱ በፈተና ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ነጥብ ተሰጥቶት ከተዘጋ በኋላ የማን ሀብት ነው? በዩኒቨርሲቲው ለብዙ ዓመታት ተማሪ አንድ ዋና የትምህርት ዘርፍና አንድ ንዑስ ዘርፍ ይዞ ይመረቅ ስለነበር፣ የሕዝቦችን ባህል ከታሪክ፣ ከቋንቋ፣ ከአንትሮፖሎጂና ከጂኦግራፊ አጣምሮ በንዑስ ዘርፍነት የማጥናት ሐሳብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። (ንዑስ በግዕዙ ትንሽ ማለት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለሕዝቦች ኑሮ የተተወው ቦታ የትንሹ ቦታ መሆኑ ራሱ ሳያስተዛዝብ አይቀርም።)

ጅምሩ ሩቅ ነው። በ1942 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ጨቅላ ሳለ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ተማሪዎችና መምህራን የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ልማድና ሥርዓት ጻፉ። የሙያ አጥር ገና አልጠበቀባቸውምና፣ ስለ ሠርግ ሲጽፉ ስለ ጥሎሹም፣ ስለ ዘፈኑም፣ ስለ መሬቱም በአንድነት ማንሣት አላስቸገራቸውም። ይህ ሥራ ግን በሁለት ወገን የሚታይ ነው። ጸሐፊው የሚጽፈው ስለ ገዛ እናቱ ቤት በመሆኑ፣ ቢያጠፋ እንኳ በማድላት እንጂ በንቀት አያጠፋም። በአንፃሩ መጽሔቱ የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነበር። ልጅ ስለ እናቱ ለዓለም ይናገራል፤ እናት ግን ስለ እርሷ የተባለውን አትሰማም።

በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዲሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ ኋላም ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ተደራጁ። ሕንፃው ባለ ትዝታ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ለተከተለው ጭፍጨፋ ሰማዕታት የቆመው ሐውልት ዛሬም በስድስት ኪሎ አደባባይ ይታያል። ፋሺስቶች በሕንፃው ፊት የሠሩት፣ የትም የማያደርሰው ደረጃ፣ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበት እስካሁን አለ። እነዚያ ወራሪዎች ሕዝቡን አላጠኑም ማለት ስሕተት ነው። አጥንተዋል። ቋንቋውን መዝግበዋል፣ ጎሣውን ቆጥረዋል፣ ካርታ ሥለዋል፤ ከዚያም የያዙትን ምሥራቅ አፍሪካ በስድስት ግዛት ሸንሽነው የቋንቋንና የሃይማኖትን ልዩነት መግዣ አደረጉት። ዕውቀት በራሱ ደግ ነው የሚል ሰው በዚያ ደረጃ አጠገብ ሲያልፍ ጥቂት ቆም ማለት ይኖርበታል።

ሙዚየሙ ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ሌላ መልስ ሞክሯል። ዕቃውን በየብሔረሰቡ ለይቶ ከመደርደር ይልቅ የሰውን የሕይወት ጉዞ ተከትሎ አሰናድቶታል፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። የደቡቡ ሐዘን ከሰሜኑ ሐዘን ጎን ሲቆም ጎብኚው ቅርበታቸውን ሳይነገረው ያየዋል። ይህ አሰላለፍ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም የሚሸፍነውም ነገር አለ። ሁሉም ይወለዳል፣ ሁሉም ያገባል፣ ሁሉም ይሞታል፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል አይከበርም። ማሲንቆው በክብር ተሰቅሎ፣ አዝማሪው «ይህማ አዝማሪ ነው» ሲባል የኖረበትን ዘመን ከዕቃው ሥር የምትለጠፍ ካርድ ለመናገር አትበቃም።

ጉዳዩ ከቀጨኔው ጀበና ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይጠራል። የቋንቋ ተማሪው የጀበናውን ክፍሎች ስም ይለቅማል። የታሪክ ተማሪው ሸክላ ሠሪዎቹ ወደ ከተማዋ የመጡበትን ዘመን ይጠይቃል። የጂኦግራፊው ተማሪ አፈሩን፣ የኢኮኖሚክሱ ተማሪ ዋጋውን፣ የአንትሮፖሎጂው ተማሪ «ቡዳ» የሚባለውን እምነት ይይዛል። ሁሉም በየፊናቸው ትክክለኛ ሥራ ሠርተው ሊመረቁ ይችላሉ። ታዲያ ስድቡ የማን ድርሻ ነው? ስድብ ቃል ነው፤ ታሪክም አለው፤ ገበያ ላይ ዋጋ ያወርዳል፤ ጋብቻ ይከለክላል፤ ልጅን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። በአምስት ክፍሎች መካከል በመውደቁ ማንም አላነሣውም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጅ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ስድቡ አዋጁን ባስቆጠረ ዕድሜ ባልኖረ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት ሙያዎች መገናኘት አለባቸው ሲባል፣ ነገሩ የትምህርት ቅንጦት ሳይሆን በደልን በሙሉ መልኩ የማየት ጉዳይ ነው።

የሚቃወሙ ሰዎችም ቀላል ክርክር አይደለም የያዙት። ከሁሉ የቀመሰ አንዱንም አልጠገበም ይላሉ። በጥቂት ኮርሶች ስለ ሰማንያ ሕዝብ ያነበበ ሰው፣ ካላነበበው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የማያውቀው ዝም ሲል ይህኛው ይፈርዳል። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሚከስሰው ጥናቱን አይደለም፤ አጥንቶ ጨረስኩ ማለትን ነው።

ተማሪውን ከመጽሐፍ ወደ ሰው ለመላክ የተደረጉ ሙከራዎችም ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ላከው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ተሰማራ። ብዙዎች አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ጊዜ ነው፤ ይሁንና ሊያስተምር የሄደ ሰው ጆሮው ጠባብ ይሆናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ረገድ የተሻለ ነገር አስገድዷል። የመማሪያ መጻሕፍት እየዋለ እያደረ በ15 ቋንቋዎች ሲዘጋጁ፣ አዘጋጁ ከቋንቋው ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ማለት ነበረበት። የተለቀመው ቃልም ፊደል ለብሶ ወደ ተናጋሪው ተመለሰ።

በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እንደ አዲስ ሲደራጅ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የሁሉም ተማሪ የጋራ ኮርስ ሆነ፤ ንዑስ የነበረው ለሁሉም ተዳረሰ። በዚያው ዓመት በአንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ብሔርን ሰበብ ያደረገ ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞቱ። ኮርሱ ግጭቱን አላመጣም፤ በአንድ ሴሚስተርም ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ግን ስለ ሌላው ሕዝብ የጋብቻ ሥርዓት ለፈተና ያጠና ልጅ፣ ከጎኑ አልጋ የተኛውን የዚያን ሕዝብ ልጅ እናትህ ማን ትባላለች ብሎ ሳይጠይቅ ዓመቱ ሊያልቅ መቻሉ ሊያሳስብ ይገባል።

አማርኛ ለዚህ ሁለት ግሥ አለው። ማወቅ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል፤ ድንጋይንም ኮከብንም ማወቅ ይቻላል። መተዋወቅ ግን ያለ ሁለት ሰው አይሆንም፤ የጠየቀም ይጠየቃል። ጥናቱ ዋና ተባለ ንዑስ፣ በአንድ ክፍል ተሰጠ በአምስት፣ ተጠኚው መልሶ የሚጠይቅበት ቦታ ከሌለው የመጀመሪያው ግሥ ላይ ቆሟል።

ያ ተማሪ ማታ በአፍንጮ በር በኩል ሲመለስ፣ ያልተሸጠ ጀበናዋን ይዛ ወደ ቀጨኔ የምትመለስ ሴት አግኝታ፣ «ልጄ፣ እዚያ ላይ ስለ እኛም ይጻፋል አሉ፤ ምን ይላል?» ብትለው ደብተሩን መክፈት ይኖርበታል። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላታል። ምናልባት ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ታስቆመውና፣ የጀበናው አንገት እንዲህ አይባልም ትለዋለች።