ልብና እስትንፋስ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ አብን በልብ፣ ወልድን በቃል፣ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ እየመሰሉ፣ ነፍስም ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት መሆኗን ሲያመሠጥሩ የሰማ ሰው፣ በጉለሌ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ልቡ ደክሞ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ብላቴና ባየ ጊዜ፣ አርአያ ሥላሴ በዚህ ገላ ጎድሏልን ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አልጎደለም እላለሁ፤ ሊቃውንቱ ልብ ያሉት የነፍስን ለባዊነት እንጂ ደም የሚገፋውን ሥጋ አይደለምና። ይህን መናገር ግን ለእኔ ይቀልላል፤ ለእናቲቱ አይቀልላትም።

ነርሷ የሕፃኑን ደረት ገልጣ፣ ሰዓቷን ይዛ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ እስትንፋሱን ትቆጥራለች፤ ዕድሜው ከ1 እስከ 5 ዓመት ሆኖ ቁጥሩ 40 ከደረሰ ፈጣን መሆኑን ታውቃለች፤ ትራስ ደግፋ ቀና ታደርገዋለች፣ ኦክስጅን ቢያስፈልገው ትሰጠዋለች፣ እንዳይደክም ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ታጠጣዋለች። መነኩሴ መቁጠሪያውን ይዞ ከሚያደርሰው ጸሎት ይህ ቆጠራ ምን ያህል ይርቅ ይሆን?

ከቶንሲል ሕመም በኋላ በሚከተል የሩማቲክ ትኩሳት የልቡ በሮች የተጎዱበት ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል፤ እናቱ በመካከሉ ወደ እንጦጦ ጠበል ብትወስደው አልነቅፋትም፣ ቀጠሮውን እንድትተው ያዘዛት መጽሐፍ ግን የለም። ስትወጣም አዝላው ትውጣ፤ ዳገቱ ለዚያ ልብ ብርቱ ነው።