«ኬሚስትሪያችን አልቋል»



በቀደም ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂድ በር ላይ አስቆመኝ። ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው። «ኡስታዝ፣ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም። ብቻ ኬሚስትሪያችን አልቋል» አለኝ።

እስቲ ቃሉን እንየው። ኬሚስትሪ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው «አል-ኪሚያ» ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ቶርበርን በርግማን በ1775 ንጥረ ነገሮች አንዱን ትተው ሌላውን እንዴት እንደሚይዙ ጻፈ። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ በ1809 ስለ አንድ ባልና ሚስት ልቦለድ አሳተመ። ሁለት እንግዶች ቤታቸው ይገባሉ፤ የባልም የሚስትም ልብ ወደ እንግዶቹ ያዘነብላል። መጨረሻው ሞት ነው።

የኖራ ድንጋይ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ብታፈስ ካልሲየሙ የቀድሞ ጓደኛውን ትቶ ከአዲሱ ጋር ጂብሰም ይሆናል። የተተወውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ፣ አረፋ እየሠራ ይበናል። ካልሲየምን ግን ማንም ከሃዲ አይለውም። ኒያ የለውማ! ምስክሮች ፊት ተቀምጦ «ኒካሑን ተቀብያለሁ» አላለም። አንተ ግን ብለሃል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ መሳሳብ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊያጭ ያሰበን ሶሓባ መጀመሪያ ልጅቷን እንዲያያት መክረውታል። ልብህ ፈጽሞ ያልተቀበላትን አግባ የሚልህ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ መሳቡ ሲቀንስ ቃሉም አብሮ ይቀንሳል ወይ?

ለዚህም ከኬሚስትሪ የምንማረው አለ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቀላቅለው ዓመታት ቢቀመጡ ብቻቸውን ምንም አይሆኑም። አንዲት ብልጭታ ስታገኛቸው ግን ይፈነዳሉ፤ ውሃም ይሆናሉ። ብልጭታውና ድምፁ ወዲያው ያልፋል፤ ውሃው ይቀራል። ከፍንዳታው በኋላ ፀጥ ሲል «አለቀ» የሚል ሰው፣ እጁ ላይ የቀረውን ውሃ አላየም ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም ስለ ጥንዶች ሲናገር መወዳንም ረሕመትንም አንድ ላይ ጠቅሷል። ፍቅር በሚሳሳበት ቀን ቤቱን የሚያቆመው እዝነት ነው። እዝነት ደግሞ በራሱ አይመጣም፤ ሰው አስቦ የሚሠራው ነው።

በደል እየደረሰበት ያለን ሰው ዝም ብለህ ቻል አልልም፤ ሸሪዓችን ለዚያ በር አለው። ይሄ ወጣት ግን ራሱ «ጥፋት የለባትም» ብሏል። ስለዚህ «ስልክህን አስቀምጠህ ከእሷ ጋር ቡና የጠጣኸው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበ። «አላስታውስም» አለኝ።

እናንተስ? ያገባችሁ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ በጊዜ ወደ ቤት ግቡ። ያላገባችሁ ደግሞ ስትመርጡ «ይስበኛል?» ብቻ ሳይሆን «በደከምኩ ቀን ያዝንልኛል?» ብላችሁም ጠይቁ፤ ኢስቲኻራም አድርጉ።

አላህ ትዳራችንን በመወዳና በረሕመት ይሙላልን። አሚን።